የፔሩ ባሕርና ትንሹ ዓሣ

በደቡብ አሜሪካ በምዕራብ በኩል ፔሩ የሚባል አገር አለ። ከባሕሩ ዳር ያለው ምድር አሸዋና ድንጋይ የሞላበት ምድረ በዳ ነው፤ ዝናምም ከቶ ሳይዘንብበት የሚያልፈው ዓመት ብዙ ነው። ከተራራ የሚወርዱት ወንዞች ከሚያጠጡት ስፍራ በቀር በብዙው ስፍራ ሣር እንኳ አይበቅልበትም። ዳሩ ግን ከዚህ ደረቅ ምድር አጠገብ ያለው ባሕር በዓለም ውስጥ እጅግ ብዙ ዓሣ ከሚገኝባቸው ባሕሮች አንዱ ነው። ምድሪቱ ደኽይታ ሳለች ባሕሩ ስለ ምን በለጸገ? ምክንያቱ በውኃው ጠባይ ይገኛል።

ባሕር ከላይ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ሞቃት ነው፥ ሌላው ቀዝቃዛ ነው፤ በአንዱ ጨው ይበዛል፥ በሌላው ያንሳል። ዓሣም እንደ ሰው አየር ያስፈልገዋል፤ እርሱ የሚተነፍሰው ግን በውኃው ውስጥ የተቀላቀለውን፥ ኦክሲጅን የሚባለውን አየር ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ይህን አየር አብዝቶ ይይዛል፥ ሙቅ ውኃ ግን ይለቅቀዋል። ውኃ በድስት ተጥዶ ገና ሳይፈላ በድስቱ ጎን ጥቃቅን አረፋ ተጣብቆ ይታያል፤ ያ አረፋ ከሙቀቱ የተነሣ ከውኃው የሚወጣ አየር ነው።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1802 ዓመት አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የሚባል የጀርመን አገር ሊቅ ወደ ፔሩ መጥቶ የሙቀት መለኪያ ወደ ባሕሩ አገባ። ፔሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ውኃው ሙቅ መሆን ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ በዚያ የሚፈሰው የባሕር ጅረት በስሙ ተጠራ። ሆኖም የአገሩ ዓሣ አጥማጆች የውኃውን ብርድ ከእርሱ በፊት ያውቁት ነበርና፥ ሊቁ ራሱ ይህን ክብር ለራሱ ሊያደርገው አልወደደም።

ብርዱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከደቡብ የሚነሣ ነፋስ የባሕሩን ዳር ተከትሎ ሲነፍስ የላይኛውን ውኃ ይገፋዋል፤ ምድርም ስለምትዞር የተገፋው ውኃ ከዳር ርቆ ወደ ሰፊው ባሕር ይሄዳል። የለቀቀውም ስፍራ ባዶ ሆኖ ሊቀር አይችልምና፥ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ተነሥቶ ይተካዋል።

ይህም ውኃ ባዶውን አይወጣም። በባሕር ውስጥ የሚሞት ፍጥረት ሁሉ ወደ ታች እየሰመጠ ይበሰብሳልና፥ በጥልቁ ውኃ ውስጥ ለተክል ምግብ የሚሆን ልዩ ልዩ ጨው ተከማችቶ ይኖራል። ገበሬ ፍግ ወደ እርሻው ተሸክሞ እንደሚወስድ፥ በፔሩ ባሕርም ነፋሱ የባሕሩን ፍግ ከጥልቁ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። በዚያን ጊዜ ለዓይን የማይታዩ ተክሎች በውኃው ላይ ይበቅላሉ፤ አንዲት የጤፍ ቅንጣት እንኳ በእነርሱ አጠገብ እጅግ ትልቅ ናት። እነርሱንም ጥቃቅን የባሕር ተንቀሳቃሾች ይበሏቸዋል፤ ሁለቱንም አንቾቬታ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ይበላቸዋል።

አንቾቬታ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ዕድሜውም ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ትልልቆች ዓሦች፥ የባሕር አንበሶችና አእላፍ ወፎች ግን የሚኖሩት በእርሱ ነው። ከእጃቸውም እንዳያመልጥ የሚከለክለው ነገር አለ። በዚያ ባሕር የሚበሰብሰው ነገር እጅግ ብዙ ስለ ሆነ መበስበሱ ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል፤ ከላይኛው ውኃ ጥቂት ዝቅ ሲባል ዓሣው ሊተነፍስ አይችልም። ስለዚህ አንቾቬታ ወደ ጥልቁ ሸሽቶ ሊሸሸግ አይችልም፤ የወፍ አፍና የሰው መረብ በሚደርስበት ስፍራ ይኖራል።

ጓናይ የምትባለው ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት ወፍ ከብዙ ወገኖችዋ ጋራ በባሕሩ ደሴቶች ላይ ታድራለች። ዝናም የለምና ኵሳቸው አይታጠብም፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮም እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነበር። ይህ ኵስ ለእርሻ እጅግ የሚጠቅም ፍግ ነው። የጥንቶቹ የኢንካ ነገሥታት እነዚህን ወፎች የገደለ ሰው በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ አውጥተው እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። ከ1840 ዓመት በኋላ ግን ኵሱ በመርከብ እየተጫነ ወደ አውሮጳ ይሸጥ ጀመር፤ እስጳንያም በ1864 ዓመት መርከቦቿን ልካ ቺንቻ የሚባሉትን የኵስ ደሴቶች በኃይል ያዘች። የዚህ ሁሉ ሀብት መነሻ ያ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር።

ውኃው ግን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ አይኖርም። የፓይታ ከተማ ዓሣ አጥማጆች በልደት በዓል ሰሞን ከሰሜን ሙቅ ውኃ ሲመጣ አይተው፥ በቋንቋቸው «ኤል ኒኞ» አሉት፤ ትርጓሜው «ሕፃኑ» ማለት ነው፥ ሕፃኑ ኢየሱስን ሲያስቡ። በ1892 ዓመት ካሚሎ ካሪዮ የሚባል የመርከብ አለቃ ይህን ነገር በሊማ ከተማ በሊቃውንት ማኅበር ፊት ተናገረ። በብዙ ዓመት ሙቀቱ ጥቂት ጊዜ ቈይቶ ይሄዳል። አንዳንድ ዓመት ግን በሰፊው የፓሲፊክ ባሕር ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ይደክማል፤ ነፋሱ በምዕራብ ከምሮት የነበረውም ሙቅ ውኃ ወደ ፔሩ ይመለሳል፥ ወራትም ይቈያል።

በዚያን ጊዜ የባሕሩ ዳር ነፋስ መንፈሱን አይተውም። ነገር ግን የሙቁ ውኃ ውፍረት ስለ በዛ ነፋሱ ከታች የሚያነሣው ይህንኑ ሙቅ ውኃ ነው፤ ፍጉ ከበታቹ በጥልቅ ይቀራል። ጥቃቅኖቹ ተክሎች ይቀንሳሉ። አንቾቬታም ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ወደ ደቡብና ወደ ጥልቅ ይሸሻል። ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን በጎጆ ትተው ይበርራሉ፥ ብዙዎቹም በባሕር ዳር በራብ ይወድቃሉ።

ለሁሉ ግን ክፉ አይደለም። በ1983 ዓመት ፒስኮ በሚባለው ስፍራ አጠገብ፥ ሁለት ዛጎል ያለውና ሥጋው የሚበላ አንድ የባሕር ፍጥረት ከወትሮው ይልቅ እጅግ በዛ። ሙቁ ውኃ ዕድገቱን አፈጠነለት፤ አየር ወዳነሰበት የባሕር ወለልም ኦክሲጅን ይዞለት መጣ። ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ትተው ያን ዛጎል ለመልቀም ከሩቅ መጡ።

የዚህ ሙቀት ነገር በፔሩ ብቻ አይቀርም፤ የዓለምን ነፋስና ዝናም ያናውጣል። በ2015 ዓመት ኤል ኒኞ በበረታ ጊዜ በኢትዮጵያ በሰሜንና በምሥራቅ የክረምቱ ዝናም ቀረ፤ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም የእህል እርዳታ አስፈለገው።

ወደ ፔሩ ዓሣ እንመለስ። ከ1950 ዓመት ወዲህ በባሕሩ ዳር ብዙ ፋብሪካ ተሠራ፤ አንቾቬታውንም አድርቀው እየፈጩ የዶሮና የአሳማ ምግብ አደረጉት። በ1970 ዓመት ከባሕሩ የወጣው ዓሣ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆነ። በ1972 ዓመት ውኃው ሞቀ። የቀረው ቀዝቃዛ ውኃ በዳር በኩል ጠባብ ነበርና ዓሣው ሁሉ ወደዚያ ተሰበሰበ፤ መረቡም ያለ ድካም ይሞላ ነበር። ሞልቶ የሚወጣ መረብ ያየ ሰው ባሕሩ እየደኸየ ነው ብሎ ሊያምን አይወድም፤ ስለዚህ ማጥመዱ ቀጠለ። በ1973 ዓመት በዓመቱ ሁሉ ከ2 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ አልተገኘም። ብዙ ጀልባዎች በወደብ ቆሙ፥ ብዙ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። ዓሣውም እንደ ቀድሞው እስኪበዛ ድረስ 20 ዓመት ያህል ፈጀ።

አሁን በፔሩ ማጥመድ ከመፈቀዱ በፊት የመንግሥት የጥናት መርከቦች አስቀድመው ይወጣሉ። የውኃውን ሙቀት፥ ጨውና ኦክሲጅን ይለካሉ፤ ዓሣውም ምን ያህል እንደ ሆነና ለመውለድ መድረሱን ይመረምራሉ። በ2023 ዓመት ውኃው ሞቆ፥ ከተያዘውም አብዛኛው ገና ያልደረሰ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ መንግሥት በሰሜንና በመካከለኛው ባሕር የመጀመሪያውን የማጥመጃ ወራት ዘጋ። ይህ ለዓሣ አጥማጁ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጀልባው ታስሮ ሳለ ልጆቹ ምግብ ይሻሉና። በሚመጣው ዓመት ውኃው ቀዘቀዘ። በ2024 ዓመት በመጀመሪያው የማጥመጃ ወራት ጀልባዎቹ ወጥተው ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ ይዘው ተመለሱ።