ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን መሄዱ ከመመለሱ ስለ ምን ይረዝማል?

አዲስ አበባና ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከዋሽንግተን የተነሣ አይሮፕላን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል ጕዞ ቦሌ ይደርሳል፤ ከቦሌ የሚነሣው ግን ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ለመጨመር በመንገድ ያርፋል። ምክንያቱም ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይልም የሞተሩም ጕልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ መንገደኛውን ከነጓዙ ጭኖ፣ ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። የዋሽንግተኑ ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህም ላይ በላይኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ተመላሹን ከኋላ ሲገፋው ሂያጁን ከፊት ይገጥመዋል። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ብቻቸውን ለሚሄዱ አረጋውያን ይህን አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ አይሮፕላኑ በእኩለ መንገድ ሲያርፍ የደረሱ መስሏቸው ጓዛቸውን እንዳያወርዱ።