ዋናተኛ መሬት ላይ ምን ይሠራል?

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት፣ የወረታ ልጅ ውሃ የሚቸግረው አይመስልም። ነገር ግን የክረምቱ ጎርፍ ድፍርስና አደገኛ ነው፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይሳሳል። ለውድድር መዋኘት የሚያምረው ወጣት ታዲያ ብዙውን ጉልበቱን የሚያዳብረው ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ስለ መሬት ላይ ልምምድ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ክንድ ነው። ፑሽአፕ ይደረድራል፤ ደረቱ ሲሰፋ ፍጥነቱም የጨመረ ይመስለዋል። ፑሽአፕ አይጎዳም፤ ቀዘፋ ግን ውሃ መጎተት ነውና ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ ይሻላል። ለሆድና ለወገብ ፕላንክ ይበቃል።

እኔ የማደንቀው እግርን ነው። ዋናተኛ ከሁሉ በላይ የሚፈጥነው ሲቀዝፍ ሳይሆን ዘሎ ውሃ ሲገባና ግድግዳ ረግጦ ሲወነጨፍ ነው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገታው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዝላይ የተገኘውን ፍጥነት ማባከን ሞኝነት ነው። በነጻ ቀዘፋ ደንቡ እስከ 15 ሜትር ከውሃ በታች መሄድ ይፈቅዳል፤ ይህ በ50 ሜትር ውድድር ሲሶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው።

ለዚህ ቁጢጥ ብሎ መፈናጠርና በሁለት እግር ወደ ፊት መዝለል ያስፈልጋል። ከዚያ በጣም የምወደው አለ፦ ጀርባን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መቆም፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ እጅን ወደ ላይ መዘርጋት፣ ክንድን ከጆሮ ማጣበቅ፣ ወገብን ከግድግዳው አለማላቀቅ። ትከሻው የተሳሰረ ሰው ወገቡ ይጎብጣል፤ ውሃ ውስጥ ያ ጉብጠት ፍሬን ነው። ወረታ ውስጥ አንዱን ደረተ ሰፊ ጎረምሳ እንዲሞክረው ጠየቅሁት፤ ክርኑ አልዘረጋ አለው። «ጋሼ፣ ይሄም ስፖርት ነው?» ብሎ ሳቀ። ነው እንጂ!

በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሰውነቱ ቅርጽ ሆነ። ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በ47.58 ሰከንድ ነው የገባው። ከ17 ሰከንድ የሚበልጥ ልዩነት ግን በቦርጭ ብቻ አይመጣም፤ አነሳሱ፣ አዟዟሩ፣ ቀዘፋው ሁሉ መታየት ነበረበት።

አሠልጣኞች፣ እባካችሁ ልጆቹን ብረት ከማሸከማችሁ በፊት ግድግዳ አስደግፏቸው። ዝላዩንም ሣር ላይ አሠሯቸው፤ የፎገራ ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ ቁርጭምጭሚት ወለም ያስብላል።