ፌንሲንግ ኖቲስ የጠብ ወረቀት አይደለም

ባለፈው ክረምት በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ፣ ሰንሻይን ውስጥ በእኔና በጎረቤቴ መካከል የቆመውን የእንጨት አጥር ንፋስ አጋደመው። በሳምንቱ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከእሳቸው የመጣ ፌንሲንግ ኖቲስ (የአጥር ማስታወቂያ) አገኘሁ። ቅር አለኝ። በየጠዋቱ እጅ ነስቼ የማልፋቸው ቬትናማዊት እናት፣ በር አንኳኩተው መናገር ሲችሉ እንዴት በወረቀት? እኛ አገር ወሰንተኛ ለወሰንተኛ ሽማግሌ ይልካል፤ ወረቀት የሚመጣው ነገሩ ከከረረ በኋላ ነው። መልስ ሳልሰጥ አሥር ቀን አለፈ።

ዝምታው የሚጎዳው ግን እኔኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውና በ2014 የተሻሻለው የቪክቶሪያ የአጥር ሕግ፣ ለጋራ አጥር ሁለቱም ባለቤቶች እኩል እንዲያዋጡ ይላል። ኖቲሱም አጥሩ በየት መስመር እንደሚያልፍ፣ ከምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚፈጅ የሚገልጽ ጥያቄ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁ ጎረቤት አጥሩን አሠርቶ ድርሻችሁን በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ደግሞ የግድ «እሺ» መሆን የለበትም። እሳቸው ኮሎርቦንድ የሚባለውን የብረት ቆርቆሮ አጥር ፈልገው ነበር፤ በሕጉ ግን የእንጨቱ አጥር የሚበቃ ከሆነ፣ ከዚያ የተሻለ የፈለገ ሰው ልዩነቱን ራሱ ይችላል።

ተከራይ ከሆናችሁ ጉዳዩ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ወረቀቱን ዛሬውኑ ለኤጀንቱ አድርሱ።

ጭቅጭቁ መስመሩ ላይ ከሆነ አሮጌው አጥር ምስክር አይሆናችሁም፤ ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው ወሰን ወጣ ወይም ገባ ብሎ ይገኛል። ፈቃድ ያለው ቀያሽ እንዲለካ በጽሑፍ ጠይቁ። «ጥቂት ሴንቲ ሜትር ናት» ብላችሁም ዓመታት አታሳልፉ፤ በቪክቶሪያ የሌላውን መሬት 15 ዓመት ያለማቋረጥ በእጁ ያደረገ ሰው የባለቤትነት ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ካውንስል ደውላችሁም አትድከሙ፣ በግለሰቦች መካከል ባለ አጥር አይገባም። ሽማግሌ ግን እዚህም አለ፦ የቪክቶሪያ መንግሥት ዲስፒዩት ሴትልመንት ሴንተር በነጻ ያሸማግላል።

እኛ እዚያ አልደረስንም። በአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀቱን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ለምን እንደጻፉልኝ ስጠይቃቸው፣ «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ በአፌ ተሳስቼ እንዳላስቀይምህ ልጄን አስጻፍኩት» አሉኝ። የኮሎርቦንዱን ልዩነት እሳቸው ሊከፍሉ ተስማምተን፣ ሻይ አቅርበውልኝ እዚያው ፈረምን።