ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለአምስት ሰው፦ ጤናማ ጥብስ በቃሪያ በቤታችን

 

ዛሬ ወደ ወጥ ቤት ይዣችሁ ልገባ ነው። የምግብ አሠራር ይመስላል እንጂ ጉዳዩ የጤና ነው። መነሻው ደግሞ አንዲት እናት ናት።

ይህች እናት ወደ ክሊኒክ የመጣችው ድካም ስለጠናባት ነው። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል። የደም ምርመራው በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ እንዳለባት አሳየ። «ሥጋ ትበያለሽ?» ስላት ሳቅ አለች።

«ዶክተር፣ አምስት ነን። ግማሽ ኪሎ እገዛለሁ። ለልጆቹና ለአባታቸው ካወጣሁ በኋላ እኔ ድስቱን በእንጀራ እጠርጋለሁ፤ ይበቃኛል።»

በዚያ ላይ ቀደም ሲል የታዘዘላትን የአይረን ክኒን የምትውጠው ጠዋት ከቡና ጋር ነበር።

ይህ ታሪክ ስንት ቤት ውስጥ እንዳለ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሥጋ ውድ ነው፤ «ሥጋ ብዪ» ብሎ ማዘዝ ደግሞ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ያለችውን ግማሽ ኪሎ እንዴት አድርገን ለሁሉም እናዳርሳት የሚለው ነው። መልሱ ሥጋውን ቀጭን አድርጎ፣ ቃሪያውንና አትክልቱን አብዝቶ፣ በኃይለኛ እሳት ቶሎ መጥበስ ነው።

🔴 ሥጋና ቃሪያ ለምን አብረው?

በምግብ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሥጋ ውስጥ ያለው ሲሆን ሰውነታችን በቀላሉ ይወስደዋል። ሁለተኛው በእንጀራ፣ በምስር፣ በጎመንና በመሳሰሉት ውስጥ ያለው ነው፤ እሱን አንጀታችን የሚወስደው በችግር ነው። ሆኖም አጠገቡ ቫይታሚን ሲ ወይም ሥጋ ካገኘ በተሻለ ሁኔታ ይገባል።

ቃሪያ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። 100 ግራም ጥሬ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ከ120 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። አረንጓዴው 80 ገደማ አለው። ቫይታሚን ሲ ሲባል ሁላችንም ቀድመን የምናስበው ብርቱካን 50 ገደማ ነው! ስለዚህ ጥብሱ ውስጥ ያለው ቃሪያ ከጣዕሙ ሌላ የእንጀራውን ብረት ወደ ደማችን ለማስገባት ያግዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ በሚሠራበት መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ወንድ በቀን 8 ሚሊ ግራም ብረት ይበቃዋል። የወር አበባ የምታይ ሴት 18፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 27 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። እና ድስቱን መጥረግ ያለበት ማን ነው? መልሱን ለእናንተ ልተወው።

🔴 የሚያስፈልጉን ነገሮች (ለ5 ሰው)

✔ ግማሽ ኪሎ ቀይ የበሬ ሥጋ፣ ጮማው የተነሳለት
✔ 3 ትልልቅ የፈረንጅ ቃሪያ፤ ቀይና አረንጓዴ ቢሆን ጥሩ ነው
✔ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት
✔ 1 ካሮት
✔ 2 ወይም 3 ተራ ቃሪያ፣ እንደ ምርጫችሁ
✔ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል
✔ 3 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የምግብ ዘይት
✔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል
✔ ግማሽ ሎሚ

የፈረንጅ ቃሪያ ከተወደደ ተራውን ቃሪያ ፍሬውን አውጥታችሁ አብዙት፤ እሱም በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው።

🔴 ከሥጋ ቤት እስከ መክተፊያ

የእርድ ምርመራ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ግዙ። ሥጋ ቤት ውስጥ ሽንጥ ወይም ዳቢት ብትሉ ለጥብስ ይሆናችኋል። ቤት እንደደረሳችሁ ወዲያው የማትሠሩት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ሥጋ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀት በበዛበት ከተማ ያላችሁ ደግሞ ከዚያም አሳጥሩት።

ብዙዎቻችን ሥጋን በቧንቧ ውኃ እናጥባለን። እባካችሁ ይቅር! ውኃው ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ይልቁንም ወደ ማጠቢያው፣ ወደ ዕቃውና ወደ ሰላጣው ይረጨዋል። ባክቴሪያን የሚገድለው እሳት ነው። የሥጋውን እርጥበት በንጹሕ ሶፍት አድርቁና ሶፍቱን ጣሉት።

መጀመሪያ አትክልቱን ክተፉ፣ ከዚያ ሥጋውን። ሁለት መክተፊያ ካላችሁ ለየብቻ አድርጉት። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ሌላ ነገር አይከተፍበት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

አሁን ሥጋውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ እንደ ክር ወደ አንድ አቅጣጫ የተዘረጋ መስመር አለው። ቢላዋችሁ ያንን ክር አቋርጦ ይሂድ። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁት እንደ ገመድ ያስቸግራል፤ አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁት ጥርስ ለሌላቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ሳይቀር ይለሰልሳል። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ጠንከር ስለሚል ለመቁረጥ ይመቻል።

🔴 አጠባበሱ

1. መጥበሻው ብቻውን በደንብ ይጋል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ ከጨሰ አልፎበታል፤ እሳቱን ቀንሱ።

2. የሥጋውን ግማሽ ብቻ ጨምሩና ዘርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው! ሁሉንም በአንዴ ስትጨምሩ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃ ያወጣል፣ ጥብሱ ቀርቶ ቅቅል ይሆናል። በተለይ እሳቱ ደከም ያለ የኤሌክትሪክ ምድጃ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን አትርሱ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አትንኩት፣ ከዚያ እያገላበጣችሁ ቀዩ እስኪጠፋ ሌላ 2 ደቂቃ ያህል ጥበሱት። ወደ ንጹሕ ሳህን አውጡትና በሌላ አንድ ማንኪያ ዘይት ቀሪውን ግማሽ እንዲሁ አድርጉ። ጥሬው ወደነበረበት ሳህን ግን አትመልሱት።

3. የቀረውን ዘይት ጨምሩና ሽንኩርትና ካሮቱን 2 ደቂቃ አቁሉ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አስከትሉ፤ ቶሎ ስለሚያሩ ግማሽ ደቂቃ ይበቃቸዋል።

4. ቃሪያውን በመጨረሻ ጨምሩ፤ 2 ደቂቃ ብቻ። ቀለሙ ሳይጠፋ፣ ሲነከስ ቀጭ ሲል አውጡት። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል፤ በበሰለ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ጥቂት ቃሪያ ጥሬውን አስቀርታችሁ ከላይ ብትበትኑማ ይበልጥ ይጠቅማል።

5. ሥጋውን ከነመረቁ መልሱ፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ጨምራችሁ አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጡት። ካወረዳችሁት በኋላ ሎሚውን ጭመቁበት። አለቀ!

በከሰል የምትጠብሱ ከሆነ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ቢቻል ውጪ ሁኑ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ብላችሁ ወደ ዝግ ቤት አታስገቡት።

🔴 ጥሬውና ለብለቡስ?

ይህን ስጽፍ የሚቆጣኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ 😊 ግን መናገር ግዴታዬ ነው። የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ወይም በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። የእርድ ምርመራ በጣም ይጠቅማል፤ ሆኖም በሥጋው ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ ማየት አይችልም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜም ሆነ አልኮል ኮሶን አይገድሉም። ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ የተፈጨ ሥጋ ደግሞ 71 ዲግሪ። ቀጭን ጥብስ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያገኛል።

በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች ጥሬና ለብለብ ሥጋ ፈጽሞ አትብሉ። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ ወደ ጽንሱ ሊተላለፍ ይችላል።

🔴 «ዶክተር፣ ጨጓራ አለብኝ፤ ቃሪያ አልበላም»

ቃሪያ የጨጓራ ቁስለት አያመጣም። ዋናዎቹ መንስኤዎች ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ የሚያቃጥል ነገር አንዳንዱን ሰው ያስቆጣዋል። እንደዚያ ከሆናችሁ ተራውን ቃሪያ ትታችሁ የማያቃጥለውን የፈረንጅ ቃሪያ ብቻ ተጠቀሙ። ሕመሙ ከቀጠለ ግን ምግብ እየቀነሱ መኖር መፍትሔ አይሆንም፤ ተመርመሩ።

🔴 ጨውና ቅቤ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ! አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻውን የዚህን ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። የሾርባ ኪዩብም እንደዚሁ ጨው የበዛበት ነው። ከሁለቱ አንዱን ከጨመራችሁ ጨዉን ተዉት። ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ጣዕሙን ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ አምጡት።

ቅቤ ለመዓዛው ከፈለጋችሁ በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። መጥበሻው ግን በፈሳሽ ዘይት ይሁን።

🔴 ስንት ጊዜ እንብላ?

የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበሉ ሰዎች በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም ከሚሆን የበሰለ ሥጋ እንዳያልፉ ይመክራል። በዛሬው አሠራር ለአንድ ሰው የሚደርሰው 100 ግራም ጥሬ ሥጋ ነው፤ ሲበስል ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢበላ ችግር የለውም። ከጾም ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ሥጋ ላይ መዋል ግን ሌላ ነገር ነው። የኩላሊት ሕመምተኞችና ሪህ ያለባችሁ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

🔴 ቡናው ትንሽ ይቆየን

ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። የአይረን ክኒን የምትወስዱም ከቡና፣ ከሻይና ከወተት አርቁት።

አደራ የምላችሁ ነገር፦ ጥብስ ደም ማነስን ብቻውን አያድንም። ድካም፣ ማዞር፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ተመርመሩ። ደሙ ያነሰበት ምክንያት የበዛ የወር አበባ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። የታዘዘላችሁን ክኒንም ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ።

ያቺን እናት ያዘዝኳት ሁለት ነገር ነው፤ ክኒኑን ከቡና ማራቅና ሥጋው ሲወጣ የራሷን ድርሻ አስቀድማ ሳህኗ ላይ ማድረግ። «ያማ እንዴት ይሆናል፣ ነውር አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ራሷ ልታደርገው ይከብዳታል። ስለዚህ ትእዛዙን ለእናንተ አዛውሬዋለሁ። ዛሬ ማታ ጥብሱ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናታችሁ አጉርሷት፤ ሥጋ ያለበትን!

እናንተስ ግማሽ ኪሎዋን እንዴት ታብቃቋታላችሁ? ዘዴያችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

መልካም ጤንነት!