ቀመር ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲገለበጥ

የትርፍ ሰዓታቸውን በኤክሴል መዝግበው በወሩ መጨረሻ ከደመወዝ መግለጫቸው ጋር የሚያስተያዩ ሠራተኞች አሉ። ልማዱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ያለፈውን ወር ቀመር ወይም ፎርሙላ ገልብጦ በአዲሱ ወር ገጽ ላይ መለጠፍ፣ ቀላል ቢመስልም፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሒሳቡን ሊያዛባ ይችላል።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሥራ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 33፣ ለትርፍ ሰዓት በመሠረታዊ ደመወዝ ስሌት ላይ ቢያንስ 25 በመቶ፣ ሥራው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ እንዲጨመር ያዛል። (የፈረቃ ሠራተኞች ከሌሊቱ ጭማሪ ውጭ ናቸው፤ የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።) መደበኛ የሰዓት ክፍያው 10 ድርሃም የሆነ ሠራተኛ እንግዲህ ለቀን ትርፍ ሰዓት 12.50፣ ለሌሊቱ 15 ድርሃም ያገኛል ማለት ነው።

ይህ ሠራተኛ በየወሩ ገጽ ላይ የቀኑን ተመን ቢ2፣ የሌሊቱን ቢ3 በተባሉት ሴሎች ይጽፋል እንበል፤ በኤክሴል ላይ ፊደሎቹ የላቲን ናቸው። በጃንዋሪ ገጽ የሌሊት ሰዓቶቹ ብዛት ቢ10 ላይ ሰፍሯል፤ ክፍያው ሲ10 ላይ «=ቢ10*ቢ3» በሚል ቀመር ይሰላል። 20 ሰዓት ከሠራ 300 ድርሃም ይመጣል። በፌብሩዋሪ ገጽ ግን የሌሊቱ መዝገብ አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ 9ኛው ላይ ዋለ። ቀመሩ እዚያ ሲለጠፍ «=ቢ9*ቢ2» ይሆናል። የሰዓቱ ቁጥር ትክክል ነው፤ ተመኑ ግን የቀኑ ሆኗል። ለዚያው 20 ሰዓት ውጤቱ 250 ነው። የስሕተት መልእክት አይታይም፤ ቁጥሩም ዓይን አይስብም። አሠሪውም ተሳስቶ 250 ከፍሎ ከሆነ ሁለቱ ሰነዶች ይስማማሉ፤ 50 ድርሃሙም ሳይጠየቅ ይቀራል።

ምክንያቱ ኤክሴል የሴሉን ስም ሳይሆን ርቀቱን መያዙ ነው። ለሲ10 ቢ3 ማለት «አንድ ዓምድ ወደ ኋላ፣ ሰባት ረድፍ ወደ ላይ» ማለት ነው፤ ቀመሩ ቦታ ሲለቅ መድረሻውም አብሮት ይሄዳል። ይህን ለመከላከል በቀመሩ ውስጥ ቢ3 ላይ ቆሞ የኤፍ4 ቁልፍን መጫን ይበቃል። አድራሻው «$ቢ$3» ይሆንና ከቦታው አይነቃነቅም።

የዶላር ምልክቱ ግን የሚያስረው ሴሉን እንጂ ገጹን አይደለም። በአዲሱ ገጽ ቢ3 ባዶ ከሆነ ኤክሴል እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ተመኖቹን «ተመን» በተባለ አንድ ገጽ ላይ ማስፈርና ከየወሩ «ተመን!$ቢ$3» ብሎ መጥራት ይሻላል። ወደ ሌላ ፋይል ሲዛወር ሁለቱም ገጾች በአንድነት ተመርጠው መገልበጥ አለባቸው፤ የወሩ ገጽ ለብቻው ከሄደ በቀመሩ ውስጥ የአሮጌው ፋይል ስም በማዕዘን ቅንፍ ይገባና ሒሳቡ የድሮውን ተመን ማንበቡን ይቀጥላል።

በዐረብኛው ኤክሴል ቀመር «ሲጋ» ይባላል። ገጹ ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚዘረጋ የመጀመሪያው ዓምድ በቀኝ ጫፍ ይገኛል፤ ይህ ግን ቀመሩን አይነካም። ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ለስቅ ኻስ» የተባለው የአለጣጠፍ ምርጫ ነው። በእርሱ ሥር «ቂየም» ከተመረጠ ቀመሩ ቀርቶ ያለፈው ወር ቁጥር ብቻ ይለጠፋል።

ከለጠፉ በኋላ ሴሉ ላይ ሆነው ኤፍ2ን ቢጫኑ ቀመሩ የሚያነባቸው ሴሎች በቀለም ተከበው ይታያሉ። ከዚያም አንዱን ረድፍ በስልክ ካልኩሌተር ማስላት ነው፦ 20 ሲባዛ በ15።