የዩኒቨርሲቲ በር ለሰፈር ልጆች፦ ከአንድ ቀን ጉብኝት ወደ ዓመታት ሥራ



የዕረፍት ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በጀመዓችን ውስጥ አንድ ሐሳብ ይነሳል፦ «ወደ ተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች ሄደን ታናናሾቻችንን እናበረታታ።» ሐሳቡ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል። ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ይህ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከከተማ መሀል ድሃ ሰፈር ልጆች ጋር ለዓመታት ሲሠሩ ምን እንዳደረጉና ምን እንዳገኙ ያስረዳል። ምሳሌያችን በዋናነት የለንደን ከተማ ነው፤ ሥራው እዚያ ረጅም ጊዜ የቆየ፣ በጥናትም የታየ ስለሆነ። በመጨረሻም እኛ ከዚያ ምን ልንወስድ እንደምንችል እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ክፍተቱ የሚጀምረው መቼ ነው?

የድሃ ሰፈር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ሲቀር ብዙዎቻችን «ምኞት የለውም» እንላለን። በእንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች ግን የተማሪዎችን የትምህርት ቤት ውጤት ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ መረጃ ጋር አገናኝተው ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነገር ነው። በሀብታምና በድሃ ልጆች መካከል ያለው የመግቢያ ልዩነት አብዛኛው የሚመጣው ቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ከሚያመጡት ውጤት ነው። ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከድሃ ሌላው ከሀብታም ቤት ቢሆኑም፣ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድላቸው በጣም ይቀራረባል።

ይህ ማለት በሩ የሚዘጋው ፎርም በሚሞላበት ሰሞን ሳይሆን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ምኞትማ ልጆቹ አላቸው፤ «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፓይለት የማይል የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጥቂት ነው። የጎደለው ከምኞቱ እስከ ፈተናው ያለው ድልድይ ነው።

የአንድ ክፍለ ከተማ ታሪክ

ታወር ሃምሌትስ በምሥራቅ ለንደን የሚገኝ አስተዳደር ነው። ከፋይናንስ ማዕከሉ ጎን ሆኖ ድህነት የጠናበት፣ ከባንግላዴሽ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከነዋሪው 39.9 በመቶ ሙስሊም ነው፤ ይህም በእንግሊዝ ከሚገኙ አስተዳደሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የአካባቢው የትምህርት ውጤት ከ149 አስተዳደሮች 149ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዎቹ ውጤት ከአገሪቱ አማካይ በላይ ሆነ።

ሰፈሩ አልተቀየረም፤ ድህነቱም አልጠፋም። የተቀየረው አሠራሩ ነው። ጥሩ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ተመልምለው እንዲቆዩ ተደረገ። ከ2003 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የቆየው የለንደን ትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ፕሮግራምም ደካማ ትምህርት ቤቶችን ከጠንካራዎቹ ጋር እያጣመረ አሠራ። የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት በየጊዜው እየታየ ወደ ኋላ የቀረው ቶሎ ድጋፍ አገኘ።

ለእኛ ልብ የሚባለው ደግሞ ይህ ነው፦ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከመስጂዶችና ከኢማሞች ጋር ተባብረው ከትምህርት ገበታ መቅረትን ተዋግተዋል። ወላጆች ልጆቻቸውን በትምህርት ወቅት ለሳምንታት ወደ ባንግላዴሽ ይዘው መሄዳቸው ትልቅ ችግር ነበር። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍ የማይሰማ አባት፣ የሚያከብረው ኢማም ሲነግረው ይሰማል። መስጂዱ ያኔ ኬሚስትሪ አላስተማረም፤ ግን ኬሚስትሪው በሚሰጥበት ሰዓት ልጁ ክፍል ውስጥ እንዲገኝ አግዟል።

ዩኒቨርሲቲዎቹስ ምን አደረጉ?

በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ብዙ መልክ አለው። አንዱ የክረምት ትምህርት ቤት ነው፤ ሰተን ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ጀምሮታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማያውቅ ቤተሰብ ልጆች አንድ ሳምንት ዶርም ውስጥ አድረው፣ ሌክቸር ገብተው፣ ከተማሪዎች ጋር በልተው ይመለሳሉ። ከ2004 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት ኤምሃየር በተባለ ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች በየአካባቢው አብረው እንዲሠሩ ገንዘብ መደበ።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ ነው። ኮሌጁ የሚገኘው ድሃ ሰፈሮች መካከል ነው፤ ሆስፒታሎቹ የእነዚያን ሰፈሮች በሽተኞች ያክማሉ። ሐኪም ለመሆን የሚገቡት የሰፈሩ ልጆች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ በ2001 እ.ኤ.አ. የተራዘመ የሕክምና ፕሮግራም ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ኮሌጁ ሰዎቹን ወደ አካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልኮ ተማሪዎችን ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ያዘ። ሁለተኛ፣ ከመደበኛው መግቢያ ዝቅ ባለ ውጤት ተቀበላቸው፤ በደካማ ትምህርት ቤት የተገኘ ውጤት የልጁን ሙሉ አቅም አያሳይም በሚል። ሦስተኛ፣ አምስት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት ስድስት ዓመት አድርጎ መጀመሪያው ላይ ያለውን ከባድ ክፍል አስረዘመው፤ ተጨማሪ ቱቶሪያልና አማካሪም መደበ። ፈተናውን ግን አላቀለለም። ተማሪዎቹ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ፣ አንድ ዓይነት ዲግሪ ይይዛሉ።

በ10 ተማሪ የተጀመረው ፕሮግራም በዓመት 50 ያህል እስከ መቀበል ደረሰ። በእንግሊዝ ባሉ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ከመደበኛዎቹ ዝቅ ይላል፤ አብዛኞቹ ግን ተመርቀው ሐኪም ይሆናሉ። እነዚህ ልጆች በተለመደው መንገድ ቢሆን በሩን እንኳ አያልፉም ነበር። በር ከፍቶ ያለ ድጋፍ መተው ልጁን ለውድቀት መጋበዝ ነው፤ በር ሳይከፍቱ ማበረታታት ደግሞ ባዶ ተስፋ ነው። ኪንግስ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገ።

ገንዘብና ወለድ

ልጁ ውጤቱን አምጥቶም የሚያቆመው ነገር ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓመት ክፍያ እስከ 9,000 ፓውንድ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ እስከ 9,250 ፓውንድ ደረሰ። መንግሥት ብድር ይሰጣል፤ ብድሩ ግን ወለድ አለው። ወለድን የሚፈሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ከሁለት ከባድ ነገሮች አንዱን ይመርጣሉ፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ተረዳድቶ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ልጅ ትምህርቱን ያዘገያል ወይም ይተዋል። መንግሥት በ2014 እ.ኤ.አ. ከወለድ ነጻ የሆነ፣ በተካፉል መርህ የሚሠራ አማራጭ ላይ ሕዝብ አወያየ፤ በ2017 ደግሞ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ ሕጉ ከወጣ ከዓመታት በኋላም አማራጩ ተማሪዎች እጅ አልገባም ነበር።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰዎችን የሚያርቅ ነገር ሁልጊዜ ከውጭ ለሚያየው አይታይም። የሚያውቀው ያው ማኅበረሰብ ስለሆነ፣ መናገርም ማስረዳትም የእሱ ድርሻ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ እውነቱ ገሃድ ወጥቷል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የማካካሻ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም ለተወሰኑት ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል፤ የመሠረቱን ክፍተት ግን ብቻውን አይሞላም።

ይህ የገጠር ችግር ብቻ አይደለም። መርካቶ ዙሪያ ያደገ ልጅ ከስድስት ኪሎ ግቢ የሚለየው የአጭር ታክሲ መንገድ ነው። ግን ከትምህርት በኋላ የአባቱን ሱቅ ይጠብቃል፤ በአንድ ክፍል ቤት ከአምስት ሰው ጋር ያጠናል፤ እህቱ ደግሞ ከመጽሐፉ በፊት የቤት ሥራው ይጠብቃታል። ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ከአጥሩ ውጭ የሚያዩት ግቢ ነው።

ሕጉ በር ከፍቶልናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎታል። ባሕር ዳርን ጨምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የስቴም ማዕከላትም በአካባቢያቸው ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብለው በቤተ ሙከራ ያሠለጥናሉ። እኛ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብንም፤ ያለውን መያዝ ይበቃናል።

ከላይ ካየነው ተነስተን የሚከተለውን ማድረግ እንችላለን፦

1. አንድ ትምህርት ቤት መርጦ መቆየት። አሥር ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ከመጎብኘት አንዱን ለሦስት ዓመት መያዝ ይሻላል። የምንመረቀው ስንወጣ ፍሬሽማኖቹ ይረከቡ፤ የስም ዝርዝሩና ወርክሺቱ ከእኛ ጋር አይጥፋ።

2. ከ9ኛ ክፍል መጀመር። 12ኛ ክፍል ላይ መድረስ መዘግየት ነው።

3. ከንግግር ይልቅ ትምህርት። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ ከአሥር የማበረታቻ ንግግር ይበልጣል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይመዝገብ፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ ይጠየቅ።

4. መረጃ መስጠት። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ፣ የዲፓርትመንት ምደባ፣ ወጪ መጋራት፣ የዶርም ኑሮ፤ እኛ የለመድናቸው ነገሮች ለእነሱ እንቆቅልሽ ናቸው። በተለይ ሴት ልጁን ወደ ሩቅ ግቢ ለመላክ የሚፈራ አባት፣ እዚያ የምትማር ሙስሊም እህት ቀርባ ብታስረዳው ይረጋጋል።

5. ቤተሰብንና መስጂድን መያዝ። የሰፈሩ ኢማምና ኡስታዝ ስለ መቅረት፣ በፈተና ሰሞን ልጅን ከሱቅ ስለማሳረፍ እንዲናገሩ መጠየቅ ይቻላል። ማጥኛ ቦታ ለሌለው ልጅ የመድረሳው ክፍል ማታ ቢከፈትለት ራሱ ትልቅ እገዛ ነው።

6. በሥርዓት መሥራት። ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ይወሰድ፤ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል ይወቅ፤ ከልጆች ጋር ማንም ብቻውን አይሁን። ትምህርቱም ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ ይሁን፤ ጎረቤቱ ክርስቲያን የሆነውም ልጅ ያው ሒሳብ ይከብደዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። የእንግሊዙ ኤምሃየር በ2011 እ.ኤ.አ. የቆመው ገንዘቡ ሲቆም ነው። የእኛ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቃል መጠበቅን ነው። «ቅዳሜ እንመጣለን» ተብሎ የቀረ ሰው፣ ድሮም ሰው ቀርቶበት ለለመደ ልጅ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይሆንበታል። ስለዚህ የምንችለውን ያህል ብቻ ቃል እንግባ፤ የገባነውንም እንደ አማና እንያዝ።

ፍላጎት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ከዕረፍቱ በፊት ለጀመዓው የትምህርት ዘርፍ ስማችሁን፣ ማስተማር የምትችሉትን ትምህርትና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሰጡ አሳውቁ። አንድ ሰዓትም ብትሆን፣ በየሳምንቱ የማትቀር ከሆነች ትበቃለች። አላህ ዒልማችንን ለሌላው የሚጠቅም ያድርግልን።