ማመልከቻው የት ነው የሚገባው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ምሽት ቤቶች በአንዱ የምትዘፍን ወጣት ናት የጠየቀችኝ። ተራዋን ጨርሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋዜጠኛ መሆኔን ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ ኢትዮጵያን ወክሎ ውጭ አገር ለመወዳደር ማመልከቻው የት ነው የሚገባው?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላውን በስልኳ የአውሮፓውያኑን የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥንን፣ ስታይ ነበር የዋለችው። የምመልስላት አጣሁ። ሐይቁን ተከትዬ ወደ ማደሪያዬ ስመለስም፣ አዲስ አበባ ከገባሁም በኋላ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

ዩሮቪዥን የእኛ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች። በ1948 ዓ.ም. ግንቦት ወር በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ከተማ በሰባት አገሮች የተጀመረ፣ የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አባል ጣቢያዎች ውድድር ነው። ከአፍሪካ ብቅ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። በ1972 ዓ.ም. ሳሚራን ልካ ከ19 አገሮች 18ኛ ወጣች፤ ዳግም አልተመለሰችም። ልጅቷን የገረማት ግን ውድድሩ ሳይሆን ማጣሪያው ነው። ስዊድን ከከተማ ከተማ እየዞረች በቴሌቪዥን ታጣራለች። ጣሊያን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደውን የሳንሬሞ ፌስቲቫል ለሚያሸንፍ ድምፃዊ ቅድሚያ ትሰጣለች። በሩን ዘግቶ የሚመርጥ ጣቢያም አለ፤ እሱም ቢሆን «የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብሎ ለሕዝብ ያስታውቃል።

ለእኛ የሚቀርበን የእስራኤል ታሪክ ነው። ኤደን አለነ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ቤተሰቦች ኢየሩሳሌም ውስጥ የተወለደች ድምፃዊት ናት። ጥር 2012 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ማጣሪያ አሸንፋ የእስራኤል ተወካይ ሆነች። ድምፃዊቷ ከታወቀች በኋላ ደግሞ ዘፈኑ ለብቻው ለምርጫ ቀረበ። አራት ዘፈኖች በእሷው ድምፅ ተሰሙ፤ የካቲት 24፣ እዚህ የዓድዋን በዓል ባከበርን ማግስት፣ «ፍቅር ልቤ» ተመረጠ። ዶሮን መዳልዬና ኢዳን ራይኸል የጻፉት ይህ ዘፈን እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ከአማርኛ ጋር የተሳሰሩበት ነው። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከጣና ሰሜን ካለው ደንቢያ የወጡ ቤተ እስራኤላውያን ይዘውት የሄዱት ቋንቋ አውሮፓ መድረክ ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው። ላልፈው የማልችለው ነገር ይኸው ነው። መጋቢት 9 ቀን ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ የዚያ ዓመት ዘፈኖችም ለቀጣዩ ዓመት አይፈቀዱም ተባለ። ኤደን በ2013 ዓ.ም. ሮተርዳም የቆመችው በሌላ ዘፈን ነበር። ፍጻሜው ላይ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። አማርኛው ከደጃፍ ተመለሰ።

እኛ ዘንድስ? የድምፅ ውድድር አልጠፋም። ኢትዮጵያን አይዶል ነበር፤ ባላገሩ አይዶል መጣ፤ ፋና ላምሮት አለ። ዳዊት ጽጌ የመጀመሪያውን ባላገሩ አይዶል አሸንፎ «የኔ ዜማ» እስከተባለው አልበሙ ደርሷል። የእነዚህ ውድድሮች ፍሬ ሽልማትና ዝና ነው እንጂ ውክልና አይደለም። አገርን ወክሎ የሚሄደውን ማን እንደሚመርጥ አንድ ኃላፊን ጠየቅሁ። «ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ፤ ወሰድኩላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ስደውል ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም።

ጥያቄዬን የመለሱልኝ በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ ይጫወቱ የነበሩ የባሕር ዳር አዛውንት ናቸው። ያን ጊዜ ኪነት ከቀበሌ ጀምሮ በአውራጃ አድርጎ እስከ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ጎጃም ጊሽ ዓባይ፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ የተባሉ ቡድኖች ነበሯቸው፤ ይሁኔ በላይ ከጊሽ ዓባይ፣ ማሪቱ ለገሰ ከላሊበላ የወጡ ናቸው። በ1977ቱ ረሃብ የደረሱልንን ለማመስገን «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጓድ ባሕር ማዶ ሲዞር እንዲህ ያሉ ቡድኖች ሞልተው ነበር።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ በየት እንደሚገባ እናውቃለን» አሉኝ አዛውንቱ። «በቀበሌ ነው የሚገባው። ስትወድቅም ማን እንደጣለህ ታውቃለህ፤ ፊት ለፊትህ ተቀምጧላ።» ያ ዘመን ግን አይናፍቃቸውም። «ድምፅህን ብቻ መስሎሃል የሚሰሙት? አቋምህንም ነው። አንድ ጊዜ ለውጭ ጉዞ ስሜ ወጣ። እናቴ ስንቅ ቋጠረች። በነጋታው ብሄድ ስሜ ላይ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ጆሮ መርጦኝ እርሳስ ጣለኝ።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አሁን እኮ እርሳሱም አይታይም» አሉ።

ከእሳቸው ቤት ስወጣ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ስላለው አገር ማሰቤ አልቀረም። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ የተማረ ሰው የት እንደሚያስመሰክር የሚጠፋው የለም፤ ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፣ ቅዳሴ በሰለልኩላ ይመሰከራል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ይቀጽላል። ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ከነምልክቱ ዘልቆ መምህሩ ፊት ያዜማል። መምህሩ ሲበቃው «በቃህ» ይለዋል፤ ያ ሰው የሄደበት ደብር ሁሉ የቤተልሔም ምስክር ነው ተብሎ ይከበራል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ይህን ሁሉ ዘመን ከስህተት የጠበቀው ይህ ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ፈተናው ከባድ ነው፤ በሩ ግን የታወቀ ነው።

በዘፈኑ በኩል ግን የሚሄደው የሚያውቀው ሰው ያለው ነው፤ ሌላው በግል የግብዣ ደብዳቤ ቪዛ ይለምናል፤ የተቀረው አዲስ አበባ ገብቶ ይጠፋል። በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ የባሕር ዳር ምሽት አጥሯል፤ የድምፃውያኑም ገቢ አብሮ።

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ስመለስ ልጅቷን አገኘኋት። ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። የኤደንን ዘፈን ታውቀዋለች፤ አማርኛው ያለበትን ቦታ በሹክሹክታ አዜመችልኝ። የቤተልሔምን ሥርዓት ሳወራላት ጸጥ ብላ አዳመጠችኝ።

«እዚያ ሴት ትገባለች?» አለችኝ።

«አትገባም» አልኳት።

ከበሮው ተመታ፤ ተራዋ ነበር። ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ትታልኝ ወደ መድረኩ ወጣች።